ዛሪማ የቀሩት አሥራ ስድስት ገጾች

በጋዜጣ ዓለም እርማት ሁለት መስመር ነው። ከገጹ ግርጌ፣ ከማስታወቂያው በላይ፣ በደቃቅ ፊደል ይሰፍራል፤ ማንም አያነበውም። አዘጋጃችንም «ሁለት መስመር ጻፊና ገላግዪን» ብሎኝ ነበር። የእኔ ስሕተት ግን አምስት ቀን ሙሉ ስላስኬደኝ ሁለት መስመር አልበቃው አለ። ጎንደርንም ዛሪማንም የማየት ዕድል ላልገጠማችሁ ደግሞ መንገዱን ጨምሬ ብነግራችሁ አትጠሉትም ብዬ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዚሁ ዓምድ ነው። ከአራት ወር በፊት፣ ጎንደር የሚኖሩ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር በራሳቸው ወጪ ስላሳተሙት ልብ ወለድ ጽፌ ነበር። ታሪኩ ከታላቅ እኅቱ ተጣልቶ ከቤት ስለወጣ ሰው ነው። ሰውየው ከሃያ ዓመት በኋላ ይመለሳል፤ በመጨረሻው ገጽ፣ በ176ኛው፣ ከእኅቱ በር ላይ ይቆማል። «ሦስት ጊዜ አንኳኳ።» በቃ፣ አለቀ። «ተፈጸመ» የሚል እንኳ የለውም። እኔም በድፍረቱ ተደንቄ «ደራሲው በሩን ዘግቶብን ሄዷል፤ እናመሰግነዋለን» ብዬ ጻፍሁ። በነጠላ ሰረዝ የምጨቃጨቅ፣ ባልደረቦቼ «ወንፊቷ» የሚሉኝ ሴት ነኝ። ከዚያ ጽሑፍ በኋላ ግን ወንፊቱ ራሱ ቀዳዳ ሆኖ ተገኘ።

በጥቅምት መጨረሻ በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ መጣልኝ። ጽሕፈቱ የቤተ ክህነት ተማሪ እጅ ነው፤ ፊደሉ ወፍራም፣ ነጥቡ አራት በአራት ሆኖ የተደረደረ። «እኛ ዘንድ ያለው መጽሐፍ 192 ገጽ ነው። በሩም ይከፈታል። አንቱ ዘንድ ያለው ጎድሎ እንደሆነ መጥተው ይስሙ። ውባንተ፣ ልብስ ሰፊ፣ ዛሪማ።»

መጽሐፌን አውጥቼ ጀርባውን መረመርሁ። መጽሐፍ የሚጠረዘው አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ እየታጠፈ ነው። 176ን ለአሥራ ስድስት አካፈልሁ፤ አሥራ አንድ። 192ን አካፈልሁ፤ አሥራ ሁለት። አንድ እጥፋት ጎድሏል። ጠራዡ የረሳውን እኔ ጥበብ ነው ብዬ አወድሼዋለሁ።

ሐሙስ

ከመነሣቴ በፊት ስለ መንገዱ በስልክ የጠየቅሁት ሁሉ የመለሰልኝ በአንድ ቃል ነበር፤ «ዛሬ ክፍት ነው።» የነገውን የሚናገር አላገኘሁም። አዲስ አበባ ስለ መንገድ ሲጠየቅ «ይጨናነቃል ወይ?» ነው፤ ወደዚህ ሲሆን «ክፍት ነው ወይ?» ይባላል። ቢሆንም አውሮፕላኑ በሰዓቱ ተነሥቶ ረፋዱ ላይ ጎንደር፣ አዘዞ አረፍን። ወደ ከተማው የወሰደኝ ባለ ታክሲ ከኤርፖርት በር እስከ ፒያሳ ስለ እናቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ከብቶቼ ጠየቀኝ። ከብት እንደሌለኝ ስነግረው ከልቡ አዘነልኝ።

ፒያሳ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ያዝሁ። የአልጋዬን ኮመዲኖ መሳቢያ ስከፍት ወለሉ ላይ የተነጠፈው ጋዜጣ የእኛው ነበር፤ ይባስ ብሎም የእኔው ዓምድ። ደግነቱ ስለ ሌላ መጽሐፍ ነው። እስከ እጥፋቱ ድረስ አነበብሁትና ካልሲዎቼን አስቀመጥሁበት።

ከሰዓት በኋላ የደራሲውን ቤት ፍለጋ ወጣሁ። መምህር አድማሱ የሚኖሩት ከፒያሳ በታች፣ ቁልቁል በሚወርደው ኮብልስቶን መንገድ ጥግ ነው። ባለ ባጃጁ ካወረደኝ በኋላ የቆርቆሮ በራቸውን አንኳኳሁ። መልስ የለም። አሁንም አንኳኳሁ። የእኔ ግቢ በር አዲስ አበባ ሁለት ቁልፍና አንድ መቀርቀሪያ ስላለው፣ የተዘጋ በር ፊት ቆሞ መጠበቅ ለምጄያለሁ። ስጠብቅ ቆየሁ። በመጨረሻ ከማዶ ልብስ የምታሰጣ ጎረቤት ትዕግሥቷ አለቀና፦

«ምነው እቴ፣ በሩ ምን አደረገሽ? ግፊው እንጂ!» አለችኝ።

ገፋሁት። ክፍት ነበር።

መምህር አድማሱ ጓሮ ውስጥ አንድ እግራቸውን በርጩማ ላይ ዘርግተው፣ ጉልበታቸውን በሻሽ አስረው ተቀምጠዋል። ማን መሆኔን ስነግራቸው ለመነሣት ሞክረው አቃታቸውና ሳቁ።

«አንቱ ነዎት እንዴ በሬን የዘጉት?»

መሬቱ በተከፈተልኝ አልሁ። እሳቸው ግን ሻይ አስመጡ፣ ዳቦ አስቆረሱ፤ ከሁለተኛው ብርጭቆ በኋላ «አንቱ»ው ቀርቶ «አንቺ» ሆንሁ።

ታሪኩን ነገሩኝ። ከማተሚያ ቤት ከወጣው መጽሐፍ ሙሉ ሆኖ የተገኘው አንድ ካርቶን ብቻ ነው። እሱንም የእኅታቸው ልጅ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ይዞት ወጥቶ በየመንገዱ እስከ ዛሪማ ድረስ ሸጠው። ለእሳቸውም ደብዳቤ ከላኩላቸው ከዛሪማው ልብስ ሰፊ በቀር ማን እንደገዛ አይታወቅም። የቀረው በሙሉ ጎደሎ ነው።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«አንቺ የጻፍሽ ዕለት። ከታተመ ጀምሮ ገልጬው አላውቅም ነበር፤ የራሴን ስሕተት ማየት እፈራለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

ሻዩን አማሰሉት። «ምን ልበል? አርባ ዓመት ስጽፍ አንድ ሰው አመሰገነኝ። ያመሰገነኝም ባልጻፍሁት ነው።»

ዳቦ ጎረስሁ።

ነገሩ ከኀፍረትም ያለፈ ነበር። መጽሐፉ በመወደዱ ሁለተኛ እትም ሊወጣ ነው። ማተሚያ ቤቱ «እስከ ማክሰኞ ጽሑፉን ካላመጡ ሌላ ሥራ አስገባለሁ» ብሏቸዋል። እስከ 176 ያለው ከመጽሐፉ ላይ እንደገና ተተይቧል። የመጨረሻውን ክፍል ግን መጀመሪያውኑ በወረቀት አልጻፉትም፤ ፒያሳ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከጸሐፊዋ ጎን ተቀምጠው በቃላቸው ነው ያስጻፉት። ጽሑፉን የያዘው ፍላሽም ተበላሽቷል። እነዚያ አሥራ ስድስት ገጾች በእርግጠኝነት ያሉት አንድ ቦታ ነው፤ ዛሪማ፣ ልብስ ሰፊው ቤት።

«በስልክ ፎቶ አንሥተው አይልኩልዎትም?»

«ልከዋል» አሉና አሳዩኝ። አንድ አውራ ጣት፣ ግማሽ ገጽና የልብስ ሰፊ ሜትር። «እንደገና አንሡልኝ ብላቸው አያ ውባንተ ‘የምሳ ፎቶ ያጠግባል?’ ብለው መለሱልኝ። መጽሐፉም ከቤታቸው አይወጣም። መጥቶ መስማት ነው። እኔ ደግሞ በዚህ ጉልበት ሊማሊሞን አልወርድም።»

«እኔ እሄዳለሁ።»

«ሂጂና አንብቢው» አሉኝ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። «የሚረባ ከሆነ ገልብጠሽ አምጪልኝ። የማይረባ ከሆነ ባዶ እጅሽን ነይ፤ አልቀየምሽም። በሩን ዘግቼ አሳትመዋለሁ፤ ሰውም እንዲያ ነው የወደደው።»

«ይህን የሚያህል ነገር ለእኔ ይተዉታል?»

«አንቺ አይደለሽ የዘጋሽው?»

ዳገቱን በእግሬ ስወጣ አንድ ክፉ ሐሳብ አብሮኝ ወጣ፤ መደበቅ አልፈልግም። ባዶ እጄን ብመለስ የሚያውቅ የለም። ውዳሴዬ ውዳሴ፣ ስሜም ስም እንደሆነ ይኖራል።

ዓርብ

መምህር አድማሱ «ወደ ደባርቅ ከማለፍሽ በፊት ማራኪ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሄደሽ ተማሪዎቹን ስሚ» ብለውኝ ስለነበር ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ሄድሁ። ከግቢው በር ፊት ለፊት ያለ ሻይ ቤት ገብቼ ጥግ ያዝሁ። በአጠገቤ ካለው ጠረጴዛ ሁለት ሴትና አንድ ወንድ ተማሪ መጽሐፉን በመሀል አድርገው ይከራከራሉ።

«በሩ አገር ነው» ይላል ልጁ።

«የምን አገር? በሩ ይቅርታ ነው» ትለዋለች አንዷ።

«እኔ ምለው፣ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ደራሲው ራሱ ባያውቅስ?» አለች ሌላዋ።

ልጁ ተቆጣ። «የጋዜጣዋ ሴትዮ የጻፈችውን አላነበብሽም? ማቆም ማለት ማወቅ ነው!»

የእኔ ዓረፍተ ነገር ናት። ስጽፋት ሸጋ መስላኝ ነበር። ሻዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። ዩኒቨርሲቲ እንደ እነሱ በጊዜዬ ብገባ ኖሮ ምናልባት አንድ ሰው ገጽ መቁጠር ያስተምረኝ ነበር እያልሁ ወደ መናኸሪያ ወረድሁ።

ለደባርቅ የተሳፈርሁበት ሚኒባስ አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፍን ጎማው ፈነዳ። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ስልካችንን አውጥተን ዝም እንባባል ነበር። እዚህ ግን ተሳፋሪው ወርዶ እንደ ለቀስተኛ ክብ ሠርቶ ተቀመጠና መተዋወቅ ጀመረ። አንዲት እናት ከነጠላዋ ጫፍ የገብስ ቆሎ ፈትታ አዞረች። በዙሪያችን ገብሱ ታጭዶ ክምሩ ቆሟል፤ አየሩ ጭድ ጭድ ይላል። ትርፍ ጎማው ራሱ ንፋስ አልነበረውምና ከሚያልፍ አይሱዙ ሌላ እስክንዋስ ድረስ የሁሉንም ሰው የክርስትና ስም አወቅሁ።

ደባርቅ ስንደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አልጋ የያዝሁበት ቤት ባለቤት የዓርብ ሽሮዬን እየፈላ አቀረበችልኝና ስንቀጠቀጥ አይታ ወጣች። ተመልሳ ስትመጣ በሃይላንድ ጠርሙስ ሙቅ ውሃ ሞልታ፣ በአሮጌ ካልሲ አልብሳ ይዛለች። «እግርዎ ሥር ያድርጉት፤ ባል ይመስል ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል፤ ግን አያንኮራፋም» አለችኝ። ለደጋ ብዬ የያዝኋቸውን ሦስት ሹራቦች ሁሉ ደራርቤ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

ቅዳሜ

ከደባርቅ ወደ ዛሪማ የምትወርደው ሚኒባስ ሹፌር ማሩ ይባላል። ከመስተዋቱ ሥር በሲባጎ የታሰረ የጋዜጣ ጥቅል አስቀምጧል፤ የላይኛው የሁለት ሳምንት ነው። ጋቢና ስላስቀመጠኝ ለማን እንደሚወስደው ጠየቅሁት።

«ለእኛ ነዋ! ዛሪማ አያ ውባንተ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ እናነባለን።»

«ዜናው አልቆየም?»

«እትዬ፣ ዜና እስኪነበብ ድረስ አዲስ ነው» አለና መሪውን ጠመዘዘ።

ሊማሊሞ እንደ ተፈታ መቀነት ከተራራው ትከሻ ላይ የተጣለ መንገድ ነው። በስተቀኝ ገደል፣ በስተግራ ገደል፣ ዝንጀሮዎቹ እንደ ትራፊክ ፖሊስ ጠርዙ ላይ ተደርድረው ያዩናል። መቀመጫዬን በሁለት እጄ ያዝሁ። ማሩ ሐሳቤን ሊያስቀይስልኝ ብሎ ስለ ንባባቸው ያወራልኝ ጀመር።

«መቼ ለት አንዲት የጋዜጣ ሴትዮ ምን አለች መሰለዎት? እኛ ጥርት አድርገን የምናውቀውን መጽሐፍ ‘በሩን ዘግቶብን ሄደ’ አትልም? ሰው መጽሐፍ ሳይጨርስ እንዴት ይጽፋል? እኔ እንኳ ዛሪማ ሳልደርስ ‘ደረሳችሁ ውረዱ’ ብዬ አላውቅም!»

የኋላው ወንበር በሙሉ ሳቀ። እኔም ከንፈሬን ነክሼ ሳቅሁ።

«ምናልባት የሷ መጽሐፍ ጎድሎ ይሆናል» አልሁ።

«ቢጎድልስ? አንድ እንጀራ ቢጎድል ሞሰቡን አይተን እናውቅ የለ? ያቺ ግን ጠግቤያለሁ ብላ እጇን ታጠበች።»

ከዚህ የተሻለ ሂስ በሕይወቴ ተጽፎብኝ አያውቅም።

ቁልቁለቱ ሲያልቅ ሌላ አገር ገባን። ዛሪማ ቆላ ነው! የትላንቱ ብርድ ተረት ሆነ። ካርታ አይቼ፣ «ሰሜን» የሚለውን ስም አንብቤ፣ ሁሉም ደጋ መስሎኝ ከሱፍ በቀር የያዝሁት ልብስ የለም። ገበያውን አቋርጬ ከአስፋልቱ ዳር ካለው ልብስ ሰፊ ቤት ስደርስ ላቤ በጀርባዬ ይንቆረቆር ነበር።

አያ ውባንተ ቀጭን፣ መነጽራቸው በክር የታሰረ ሰው ናቸው። የእግር መኪናቸውን አቁመው ከእግር እስከ ራስ አዩኝና ከሰላምታ በፊት የተናገሩት ይህን ነው፦

«በዚህ ሹራብማ አይነበብም። ይሞታሉ።»

ባለቤታቸው እናኑ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ ሰጠችኝ፤ ከዚያ በማሽላ እንጀራ የቀይ ወጥ ፍትፍት አበላችኝ። እኔ ስበላ አያ ውባንተ በዓይናቸው ብቻ ለክተውኝ ከነጭ አቡጀዲ ቀሚስ ቆረጡ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ለብሼው ወጣሁ። የግራ እጅጌው ከቀኙ በሁለት ጣት ይረዝማል።

«ሸጋ ሆነሻል» አለች እናኑ። እጅጌውን ግን አይታዋለች። «አያ ውባንተ የቀኙን ሲለኩ ስለ መጽሐፉ ያወሩ ነበር።»

ገበያው ሲበተን ሰባት ስምንት ሰዎች ገቡና በጨርቅ ጥቅሎቹ ላይ ተቀመጡ። መጨረሻ ላይ ማሩ ጋዜጣውን ይዞ መጣ።

«እንግዳችንን ተዋወቁ» አሉ አያ ውባንተ። «በሩን የዘጋችው ይህች ናት።»

ማሩ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ጎተተ። «ኧረ በማርያም! እትዬ፣ ምነው ዝም አሉ?»

«ጥሩ እየተናገርህ ነበር» አልሁት።

አያ ውባንተ መጽሐፉን ከሣጥን አወጡት። ዳርና ዳሩን በሰማያዊ ካኪ አልብሰውታል፤ ከዩኒፎርም የተረፈ ነው። እጄን ዘረጋሁ፤ ጥግ ይዤ በጸጥታ ላነበው ነበር ሐሳቤ።

«የለም» አሉኝ። «እዚህ ቤት መጽሐፍ በዓይን አይነበብም። በዓይን የሚያነብ ለብቻው የሚበላ ነው፤ ለብቻው የበላ ደግሞ ለብቻው ይሞታል። እንግዳ ስለሆኑ አንቱ ያነቡልናል። የሳተ ከገጹ ራስ ይጀምራል።»

ይህ ሕግ የመጣው ልጅ ሆነው ከተማሩበት ንባብ ቤት ነው። የኔታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው ያዳምጡና ተማሪው አንዲት ቃል ሲስት ከመጀመሪያው ያስጀምሩት ነበር። አያ ውባንተ ለዳዊት የተሠራውን ሕግ ለልብ ወለድና ለጋዜጣ አዋሉት።

 ይህን ማንም አያውቅም፤ ፊደል የቆጠርሁት በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው። ከእኔ በአሥር ዓመት የሚያንሱ ተማሪዎች ፊት ቆሜ «በ» እና «ባ» ስደባልቅ የተሳቀው ሳቅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ድምፄን አውጥቼ አንብቤ አላውቅም።

«የሚያርመኝ ማን ነው?» አልሁ።

«እናኑ» አሉ።

እናኑ መርፌዋን ከጥርሷ አወጣች፤ የዩኒፎርም ቁልፍ ትተክላለች። «እኔ ፊደል አላውቅም፣ እህቴ። ግን ሦስት ጊዜ ሰምቼዋለሁ።»

ገጽ 177ን ገለጥሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ደካማ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። መጀመሪያዋን መስመር አነበብሁ።

«‘ክፍት ነው፤ ግፋው’ አለች ከውስጥ።»

ቆምሁ። የመምህር አድማሱ የቆርቆሮ በርና ልብስ የምታሰጣው ጎረቤት ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። አራት ወር ሙሉ ስለ ተዘጋ በር የጻፍሁት፣ ተማሪዎቹ አገር ነው ይቅርታ ነው እያሉ የተከራከሩበት በር፣ ቀድሞውኑ አልተዘጋም ነበር።

«ቀጥይልን እንጂ! በሩ ላይ ልታሳድሪን ነው?» አለ ማሩ።

ቀጠልሁ። እኅትየው ምስር እየለቀመች ስለነበር ቀና ብላ አላየችውም። ጎረቤት መስሏታል። «ቆመህ አትቅር፣ ጥጃውን እሰርልኝ» ትለዋለች። ሃያ ዓመት ያሰበውን ንግግር ዋጥ አድርጎ ጥጃውን ሊያስር ይወጣል። ውሃ ያስቀዳዋል፣ እንጨት ያስፈልጠዋል፤ እሱም ማንነቱን መናገሪያ ቀዳዳ ያጣል። ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እኔም እያነበብሁ እስቃለሁ። ገጽ 181 ላይ «ጥጃውን አስገባ» ብዬ አነበብሁ።

«እሰር» አለች እናኑ፣ ዓይኗን ከቁልፉ ሳታነሣ። «አስገባ ካልሽ እኮ ቋጠሮውን አታይለትም።»

ከገጹ ራስ ጀመርሁ። እንደገና ሳትሁ፤ እንደገና ጀመርሁ። የሳቀብኝ አልነበረም። ማሩ እንኳ «አይዞሽ፣ እኔ ይቺን ገጽ አምስቴ ነው የወጣኋት» አለኝ። በሦስተኛው ጊዜ እናኑ ለምን እንዳረመችኝ ገባኝ። እኅትየው ወንድሟን የምታውቀው በቋጠሮው ነው። በግራ እጁ፣ እንደ አባታቸው ገልብጦ ነው የሚያስረው። ጥጃው ባይታሰር ኖሮ ወንድምየው እንደ እንግዳ ይመለስ ነበር።

መጨረሻው ላይ አታለቅስም፣ አትስምም። ምስሩን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ ከመደቡ ላይ ቦታ ትለቅለታለች። «ቆየህ» ትለዋለች። ተፈጸመ።

 ለአራተኛ ጊዜ የሰማችው እናኑ አፍንጫዋን በቀሚሷ ጠረገች። እኔ ምን እንዳደረግሁ አልጽፍም።

እኔ አክባሪ ነኝ፤ ግን ለጋስ አይደለሁም፤ ታውቁኛላችሁ። 184ኛው ገጽ ይረዝማል፤ ሁለት ቅጽሎች ያለ ሥራ ተቀምጠዋል። ነገር ግን በር መዝጋት ማንም ይችላል። ሁለት የተጣሉ ሰዎችን አንድ ክፍል አስገብቶ፣ ምስር አስለቅሞ ማስታረቅ ነው የሚከብደው። ባዶ እጄን መመለስ የሚለው ሐሳብ የት እንደገባ እኔም አላየሁትም።

እሑድ

መብራት ከጠፋ ሁለት ቀን ስለሆነው ስልኬ ሞቷል። ቀሪው ዘዴ እስክሪብቶ ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ደብተር ዘርግቼ ልጀምር ስል አያ ውባንተ ሰንበት ትዝ አላቸውና ጭንቅ ውስጥ ገቡ።

«መስፋት ክልክል ነው። መጻፍስ?»

«መጻፍ ሥራ ነው» አለ ማሩ፤ እሱ ራሱ የሚያሽከረክረው ከሰዓት በኋላ ነበር።

«በሬ ጉድጓድ ቢገባ በሰንበት አይወጣም?» አለች እናኑ። «ይህቺ ሴት እኮ ጉድጓድ ውስጥ ናት።»

ጉዳዩ በዚህ ተቋጨ። አያ ውባንተ ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ፣ እናኑ ደግሞ የጻፍሁትን መልሼ ሳነብላት ታርመኛለች። ቀስ እያልን ዋልን። አንድ ቦታ ላይ «ቅጽሉ ትርፍ ነው» ብዬ ላልፈው ሞከርሁ።

«‘የደከመው ጥጃ’ ነው» አለች እናኑ።

«ጥጃው መድከሙ ምን ያደርጋል?»

«ባይደክም ይቆምለታል እንዴ?»

ጻፍሁት። ከሁለቱ ትርፍ ቅጽሎች አንዷ ትርፍ አልነበረችም። ይህም እርማት ነው።

አመሻሹ ላይ አሥራ ስድስቱ ገጾች በደብተሬ ሃያ ሦስት ገጽ ሆነው አለቁ። አያ ውባንተ «ተፈጸመ» የሚለውን ራሳቸው ጻፉልኝ፣ በወፍራሙ እጃቸው፣ አራት ነጥቡን አራት ቦታ ደርድረው።

ሰኞ

ማሩ ጠዋት ሊማሊሞን ሽቅብ አወጣኝ። በየፌርማታው ሰው ሲሳፈር «አዲስ ዜና አለ?» ብለው ይጠይቁታል፤ እሱም «በሩ ተከፈተ!» ይላል። ደባርቅ መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ «የሱዳኑ ድንበር?» ብለው ስላስደነገጡን ማሩ እስከ መናኸሪያው ድረስ ታሪኩን ከነጥጃው ተረከላቸው። ሽማግሌው ሳይወርዱ ቆዩ፤ መኪናው ቆሞም ጥጃው ታስሮ እስኪያልቅ ድረስ አልወረዱም።

ወደ ጎንደር የሚሄደው ሚኒባስ ጎማ አልፈነዳም። ደጋው ላይ ያችን የአቡጀዲ ቀሚስ በሹራብ ደርቤ፣ ረጅሙን እጅጌ ጠቅልዬ፣ ደብተሩን ብብቴ ሥር ይዤ ተቀመጥሁ። እርማቴን በልቤ ስጽፍ መጣሁ፦ መጽሐፉ 192 ገጽ ነው። «ደራሲው በሩን ዘግቶብን ሄዷል» የተባለው ስሕተት ነው። ደራሲው የትም አልሄደም፤ በሩንም አልዘጋም። ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለት መስመር ለካ ይበቃ ነበር።

ፒያሳ ወርጄ ቁልቁለቱን በእግሬ ያዝሁት። የማተሚያ ቤቱ ቀን ነገ ነው። ጎረቤቷ ዛሬም ልብስ እያሰጣች ነበር፤ አይታኝ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ጠበቀች። ከቆርቆሮው በር ላይ ደረስሁ። ከጓሮ የመምህር አድማሱ ሳል ይሰማል።

አላንኳኳሁም። ገፋሁት።